የጨረር ሕክምናን በሥዕል ለታካሚ ማስረዳት፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

ታካሚው ጨረር ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ይሰጠዋል። አጥፎ ከካርዱና ከራጁ ጋር ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ አያየውም። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳው ሲጠቁር ቅቤ ይቀባል። ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ለማሳየት ሰውነቱ ላይ የተደረገለትን ምልክት በሳሙና ፈትጎ ያጠፋል። ተቅማጥ ሲጀምረው ደግሞ «አልተስማማኝም» ብሎ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ይገባል። ባለሙያው «ነግረናቸው ነበር እኮ» ይላል። ነግሯቸዋል፣ እውነቱን ነው። ግን መንገርና ማስረዳት ይለያያሉ።

ሥዕል ያለበት መመሪያ ይህን ችግር በጣም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ታካሚው ሥዕሉን እያየ በራሱ አፍ መልሶ ሲነግራችሁ ነው። ሥዕሉን አትሞ ማደል ብቻውን ከበፊቱ ወረቀት አይሻልም።

ይህ የተጻፈው ለነርሶች፣ ለጨረር ቴክኖሎጂስቶች፣ ታካሚ ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችና እናታቸውን ወይም አባታቸውን ለሚያስታምሙ ልጆች ነው። በምሳሌነት የማህፀን በር ካንሰርን ይዣለሁ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ሕክምናውም ብዙ ደረጃ ስላለው እሱን ማስረዳት የቻለ ሌላውን አያቅተውም።

የሚያስፈልጋችሁ

- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ
- መስመር ሥዕል የሚችል ሰው (የግድ ሠዓሊ መሆን የለበትም)
- የሚያክመው ሐኪም ወይም የክፍሉ ኃላፊ፣ እያንዳንዱን ገጽ አይቶ የሚፈርም
- ታካሚዎቻችሁ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች
- ፎቶ ኮፒና ላሚኔት ማድረጊያ

የሐኪሙ ፊርማ የሌለበት ገጽ አይታተም። ይቺ ነገር ላይ አትደራደሩ።

1ኛ ደረጃ፦ የታካሚውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ

ከካርድ ክፍል ጀምሩና እስከ ማሽኑ አልጋ ድረስ ሂዱ። የት ይቀመጣል? የት ልብሱን ያወልቃል? አስታማሚው እስከ የት አብሮት ይገባል? በሩ የሚዘጋው መቼ ነው? እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ አንሱ። ታካሚ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ። አልጋው ላይ የሚተኛው ፈቃደኛ የሥራ ባልደረባችሁ ይሁን።

ማሽኑ የራሳችሁ ማሽን መሆን አለበት። ኮባልትና ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት የጨረር ማሽኖች መልካቸው አይመሳሰልም፤ አንዱ ሊኒየር ከሌላው ሊኒየር እንኳ ይለያያል። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ማሽን ሥዕል አይታ የመጣች ሴት ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር ስታይ የተሳሳተ ቦታ የላኳት ይመስላታል። ስለዚህ ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ ላዩ ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ዋና ዋና መስመሮቹን ብቻ ገልብጡ። ሽቦውን፣ መደርደሪያውን፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ተዉት።

2ኛ ደረጃ፦ ከመሳላችሁ በፊት ጠይቁ

ገና ያልጀመሩትንም የጨረሱትንም ታካሚዎች አናግሩ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ጨረር ሲባል ምን መሰለዎት?»

እሳት ነው የሚል ትሰማላችሁ። ሰውነት ውስጥ ቀርቶ ወደ ልጅ ይተላለፋል የሚል አለ። የራስ ጸጉር ሙልጭ ያደርጋል የሚል አለ። ተስፋ የቆረጡበትን ሰው ነው ወደዚህ የሚልኩት የሚልም አይጠፋም፤ ይህን የሚያስብ ሰው ምንም ዓይነት ሥዕል ብታሳዩት አይሰማችሁም፣ መጀመሪያ እሱን መመለስ አለባችሁ።

የሰማችሁትን ፍርሃት ሁሉ ጻፉ። መመሪያው ውስጥ መልስ ያላገኘ ፍርሃት ካለ አንድ ገጽ ይጎድላችኋል ማለት ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ገጾቹን ለዩ

አንድ ገጽ፣ አንድ መልእክት። ሁለት ነገር አንድ ገጽ ላይ አታጭቁ። ለማህፀን በር ካንሰር እነዚህ ገጾች ይበቃሉ፦

1. በሽታው የት እንዳለ።
2. የእቅድ ሲቲ ስካን (ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማቀድ የሚነሳ ምስል)፦ አልጋ ላይ መተኛት፣ ምልክት መደረግ።
3. ምልክቱን መጠበቅ።
4. ከመምጣት በፊት፦ ሽንት መሽናት፣ ውሃ መጠጣት፣ መጠበቅ።
5. ማሽኑ ክፍል ውስጥ ብቻን መሆን።
6. የቀኖቹ ሰሌዳ።
7. ቆዳ።
8. ተቅማጥ፣ ምግብና ውሃ።
9. ድካምና ሽንት ሲያቃጥል።
10. ከቤተሰብ ጋር መኖር።
11. ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር፦ የጨረሩ ምንጭ ለጊዜው በብልት በኩል ማህፀን በር አጠገብ ገብቶ የሚሰጠው።
12. ቶሎ መምጣት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች፣ ከስልክ ቁጥር ጋር።

ለብቻው የሚቀመጥ ሌላም ገጽ አለ፤ ስለ ወሲብ፣ ስለ ወር አበባና ስለ ልጅ መውለድ። እሱን ከሌሎቹ ጋር አትስፉት። ምክንያቱን 7ኛው ደረጃ ላይ እነግራችኋለሁ።

አራተኛው ገጽ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ማዕከላት ዳሌ አካባቢ ጨረር ሲሰጥ ፊኛ እንዲሞላ ይፈልጋሉ፤ ፊኛው ሲሞላ አንጀትን ገፋ አድርጎ ከጨረሩ ያርቅልናል። ስንት ውሃ፣ ከስንት ደቂቃ በፊት የሚለውን ግን ክፍላችሁ ይወስናል። መጠኑን በሚሊሊትር አትጻፉ። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሣሉ፣ አንድ ከሆነ አንድ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት። ከጎኑ መጠበቂያው ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴትና ሰዓት።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ቀን አታትሙ። ለማህፀን በር የውጪው ጨረር ብዙ ጊዜ 25 ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 5 ሳምንት። የጡት ደግሞ 15 ሊሆን ይችላል። ለአጥንት ሕመም ማስታገሻ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥም አለ። ስለዚህ ባዶ ሣጥኖች ሣሉና ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚያስፈልገውን ያህል በእስክሪብቶ ክበቡ። በየቀኑ አንድ ሣጥን ይጠቆራል። ቀን የታተመበት ሰሌዳ በዓል ሲመጣ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ ይዛባል፣ ታካሚውም «ጨርሻለሁ» ብሎ ይቀራል። በሣጥን ከሆነ ግን የቀረው ሣጥን ይታየዋል።

4ኛ ደረጃ፦ ሥዕሉ

አብዛኛው መመሪያ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

*ሙሉ ሰው ሣሉ።* ማህፀንን ብቻውን ቆርጣችሁ ገጽ ላይ አታስቀምጡ። የሕክምና መጽሐፍ ላልለመደ ሰው ሌላ ዕቃ ነው የሚመስለው፤ ለአንዳንዷ ደግሞ ከሰውነት የወጣ ነገር ነው። ልብስ የለበሰች፣ የቆመች ሴት ሣሉና ሆዷ ሥር ያለውን ቦታ በስሱ አሳዩ።

*አታግንኑ።* የካንሰር ሴልን አጉልቶ የሚያሳይ ሥዕል ሆዴ ውስጥ ትል አለ የሚል ሐሳብ ይፈጥራል። ተዉት።

*ጨረሩን በቀይ አትሣሉ።* ቀይ መስመር እሳት ነው። መብረቅ የሚመስል ቀስትም ያስደነግጣል። ጨረር ሲሰጥ ምንም አይታይም፣ አይሰማም፣ አያምም። በስስ ግራጫ ጥላ አሳዩትና በቃል «ይህ ለዓይን አይታይም» በሉ።

*የቆዳውን ለውጥ እንደኛ ቆዳ ሣሉ።* የውጭ መመሪያዎች ቆዳው ቀላ ብሎ ያሳያሉ። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መጀመሪያ የሚታየው መጥቆር ነው፤ ከዚያ መድረቅ፣ መላጥ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ መርጠብ። ቀይ ቆዳ የተሣለለት ሰው የራሱ ሲጠቁር «ይህ ሌላ በሽታ ነው» ይላል።

*የ«ኤክስ» ምልክት ላይ አትመኩ።* ቅቤ ሥላችሁ ላዩ ላይ ኤክስ ብታደርጉ፣ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይገባዋል። ያልገባ ሰው ግን ቅቤውን ያያል፣ ቅቤ ቀቡ የተባለ ይመስለዋል። በተቻለ መጠን መደረግ ያለበትን ብቻ ሣሉ፦ ለብ ያለ ውሃ በእጅ ማፍሰስ፣ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማድረቅ፣ ሰፊ የጥጥ ልብስ። ክልክሉን በቃል ንገሩ። የግድ መሣል ካለበት ቅቤውን በእጇ የምትመልስ ሴት ሣሉ።

*አለባበስ ይናገራል።* ነጠላዋ ፊቷ አካባቢ ጥለቱ እንዲሆን ተደርጎ ከተሣለች ሰዉ ለቅሶ ያስባል። ጥቁር ልብስም እንደዚያው። የተለመደ የሥራ ቀን ልብስ ይሁን። ታካሚዎቻችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ አንዷ ሻሽ ያሰረች፣ ሌላዋ ሂጃብ የለበሰች ትሁን። ከገጽ ገጽ ግን ታካሚዋ ያቺው ሴትዮ ሆና ትቀጥል፣ በየገጹ ሰው ከተቀያየረ ታሪኩ ይጠፋል።

*ቅደም ተከተሉን አታወሳስቡት።* ማንበብ የማይችል ሰው ከግራ ወደ ቀኝ የማየት ልማድ ላይኖረው ይችላል። ዓረብኛ የለመደ ከቀኝ ይጀምራል። አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ሥዕል በላይ አትደርድሩ፤ ካስፈለገ ከላይ ወደ ታች አድርጉት።

በመጨረሻ ሥዕሉን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ኮፒው ላይ የማይለይ ነገር ካለ ሥዕሉ ገና ነው። ቀለም ያለው እትም አልቆ ኮፒ የሚደረግበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

5ኛ ደረጃ፦ ጽሑፍና ድምፅ

ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን። ታካሚው ባያነብ ልጁ ወይም ያከራየችው ሴትዮ ታነብለታለች።

ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ እንደ ጅማ ወዳሉ ማዕከላት የሚመጣው ሰው አማርኛ ብቻ አይናገርም። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ትግርኛ፣ ሌላም አለ። ሥዕሉ አንድ ሆኖ ጽሑፉ ይለዋወጥ። ከዚህ የሚሻለው ግን ድምፅ ነው። እያንዳንዱን ገጽ በየቋንቋው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ቅጂ ተናገሩና በቴሌግራም ለአስታማሚው ላኩለት። «ገጽ ሰባት» ብሎ ይጀምር፣ ከዚያ መልእክቱ። ማታ ቤት ሆነው ይሰሙታል፤ አገር ቤት ያለው ባልም ይሰማዋል።

ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት 3 ሰዓት» በሉ፣ ሰዓቱንም ሣሉ። ውጭ አገር፣ ለምሳሌ አሜሪካ ወይም እስራኤል ወላጁን የሚያሳክም ሰው እዚህ ጋ ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። የሆስፒታሉ 9 ሰዓት የእናታችሁ 3 ሰዓት ነው። ሥዕሉን እናንተ ብታሳዩም ስለ ሕክምናው ውሳኔ ሲነገር አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ለእናቱ የማህፀን ነገር ማስተርጎም ለሁለቱም ይከብዳል።

6ኛ ደረጃ፦ ከማተማችሁ በፊት ሞክሩት

ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑ። ሕክምናውን የማያውቁ ሰዎችን፣ በተለይ ማንበብ የማይችሉትን፣ አንድ በአንድ አሳዩ። የጽዳት ሠራተኞች፣ የጥበቃ አባቶች፣ ወረፋ የሚጠብቁ አስታማሚዎች ጥሩ ናቸው። የሥራ ባልደረባችሁን አትጠይቁ፣ እሱ ያውቀዋል።

ጥያቄው «ጥሩ ነው?» አይደለም። ሰው እናንተን ላለማስከፋት «በጣም ጥሩ» ይላል። «ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነው?» በሉ። መልሱን ቃል በቃል ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ሥዕል ላይ ተመሳሳይ ስህተት ከሠራ ሥዕሉን ቀይሩ። ለሰውዬው አታስረዱት፤ ሥዕሉን ነው የምትፈትኑት፣ ሰውዬውን አይደለም።

7ኛ ደረጃ፦ ከታካሚዋ ጋር መቀመጥ

*ቦታ።* ኮሪደር ላይ አይሆንም። መጋረጃ ያለው ጥግ ይበቃል። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ መመሪያው በሁለታችሁ መካከል ይሁን። ጠረጴዛ ከፊት ሲሆን ፈተና ይመስላል።

*አስታማሚ።* አስታማሚው ብዙ ጊዜ ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ነው። መጀመሪያ እሷን ብቻዋን «አብሮን ይሁን ወይስ ለብቻችን?» በሏት። ያ ለብቻው ያስቀመጣችሁት ገጽ ለእሷ ብቻ ነው የሚከፈተው። ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የወር አበባን ያቆማል፣ ልጅ መውለድንም ያስቀራል። ብልት እንዳይጣበቅ ከሕክምናው በኋላ የሚደረግ ነገር አለ። ይህን ወንድሟ ፊት ብትከፍቱት አንገቷን ትደፋለች፣ ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ አይገባትም። ነገር ግን እንዳታልፉት። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ማወቅ መብቷ ነው፤ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ካላትም የምትናገረው ያኔ ነው።

*መጠን።* በአንድ ጊዜ ከ6 ገጽ አትለፉ። የመጀመሪያው ቀን ከ1 እስከ 6 ያሉት ይበቃሉ፣ እነሱም ካልደከማት። የቆዳና የተቅማጥ ገጾች በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ ይከፈቱ፤ ችግሩ ሊመጣ ሲል የተነገረ ነገር ይያዛል። ገጽ 12 ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጇ ላይ ይሁን። የገጽ 11ንም ነገር «ከዚህ በኋላ ሌላ ደረጃ አለ» ብላችሁ ከአሁኑ አንሱ፤ 25ቱ ሲያልቅ «ጨረስኩ» ብላ እንዳትሄድ። የውጪውም የውስጡም በ8 ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፣ ሲጓተት ውጤቱ ይቀንሳል።

*አጠያየቅ።* ገጹን ክፈቱ፣ ዝም በሉ፣ ትየው። ከዚያ ጠይቁ። ገጽ 5 ላይ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«እማማ፣ እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?»
«ሴትዮዋ ብቻዋን ተኝታለች።»
«ለምን ብቻዋን የሆነች ይመስልዎታል?»
«ትተዋት ሄደው ነው መሰል።»
«አልተዋትም። ከግድግዳው ወዲያ ሆነው በካሜራ እያይዋት ነው። ይኸው እዚህ ጋ ናቸው። ድምጿንም ይሰማሉ። ቢቸግራት ትጠራቸዋለች፣ ወዲያው አቁመው ይገባሉ።»
«ካልጎዳ ለምን ይወጣሉ?»

ይህ ጥያቄ ይመጣል፤ ካልመጣም እናንተ አንሱት። መልሱ ቀላል ነው፦ እሷ የምታገኘው ተለክቶላት፣ በሽታው ወዳለበት ቦታ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ቢቀመጡ ለእነሱ ይበዛባቸዋል።

መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆንም እዚሁ ገጽ ላይ ንገሯት። ማሽኑ ይቆማል፣ ጨረሩም አብሮ ይቆማል። ሳትነሳ ትተኛ፣ ሰው መጥቶ ያወጣታል። ይህን ያልተነገራት ሴት ጨለማ ውስጥ ከከፍታ አልጋ ላይ ልትወርድ ስትል ትወድቃለች።

*መልሶ ማስነገር።* «ገባዎት?» አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ይልቅ «ማታ ልጅዎ ደውላ ‹ምን አሉሽ?› ብትልዎት ምን ይሏታል?» በሉ። ያልተመለሰውን ገጽ እንደገና ክፈቱ። ጥፋቱ የእሷ እንዳይመስላት «እኔ በደንብ አላስረዳሁም» በሉና ድገሙት።

8ኛ ደረጃ፦ በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ

ሰሌዳውን ይዛ ስትመጣ ሣጥኖቹን አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ገጽ ብቻ ክፈቱ።

ቆዳ ላይ፦ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ዘይት፣ ማር፣ ቅጠል፣ ምንም ነገር ሳይጠይቁ አይቀባም። ትኩስ ውሃ ያለበት ጠርሙስም አይደገፍበትም። በምላጭ አይላጭም። ከጨረሩ በኋላ እንዳይደነግጡ ቆዳው ከመዳኑ በፊት የሚብሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሳምንት መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ተቅማጥ ላይ፦ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አልጫ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቅር፤ ለምለም (ኦ.አር.ኤስ፣ የተቅማጥ ዱቄት) በንጹህ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ። በጾም ሰሞን ከሆነ አታዝዙ፣ የንስሐ አባቷን እንድታማክር ምከሯት። እንዲህ ስትሉ ትሰማችኋለች፤ «ጾሙን ተዪ» ብትሉ ግን «እሺ» ብላ ትጾማለች።

ገጽ 10 ላይ ትንሽ ቆዩ። አንድ ትሪ ከበው የሚበሉ፣ የሚጎራረሱ ቤተሰቦች ሣሉ፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ጨምሩ። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፣ ወደ ማንም አይተላለፍም። ከልጇ ጋር መተኛት ትችላለች። ልጇን ለሳምንታት ሳታቅፍ የምትቆይ እናት አለች፣ ማንም ስላልነገራት ብቻ። ከውስጥ የሚሰጠውም ቢሆን በአሁኑ ማሽን ምንጩ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል፤ ወደ ቤት ይዛው የምትሄደው ነገር የለም። የራስ ጸጉርም በዳሌ ጨረር አይረግፍም። የሚረግፈው ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ያለ ጸጉር ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ምልክቱ ጠፋ።* ራሷ በእስክሪብቶ እንዳትደግመው። እንደዚያው ትምጣ፣ ባለሙያው ይለካና ያድሳል። ገጽ 3ን ድገሙ።

*አንድ ቀን ቀረች።* አትቆጡ። የተቆጣችኋት ሴት በሚቀጥለውም ቀን ትቀራለች። ለምን እንደቀረች ጠይቁ፤ የታክሲ ገንዘብ ይሆናል፣ ማደሪያ ይሆናል፣ ልጅ ታሞ ይሆናል። ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ፣ የቀረውን እንዴት እንደሚካካስ የሚወስነው እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ ሣጥኑን ባዶውን ተዉት።

*ጸበል ልትሄድ ነው።* ክርክር አትግጠሙ። እምነቷን ከሕክምናው ጋር ካጣላችሁት የምትተወው ሕክምናውን ነው። የምትሄድበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ እንድታደርገው አስማሟት። ስትጠመቅ ምልክቱ ያለበትን ቦታ እንዳትፈትግ፣ የቆሰለ ቆዳ ካለም ለነርሷ እንድታሳይ ንገሯት። ጸበሉ ሩቅ ከሆነና ሳምንታት የሚያስቆይ ከሆነ ሰሌዳውን አውጡ። የቀሩትን ሣጥኖች ራሷ ትቁጠር፣ መቼ ብትሄድ እንደሚሻል አብራችሁ ምከሩ።

*ማተብና መስቀል።* አንገት ወይም ጭንቅላት ላይ ጨረር ለሚወስድ ሰው የፕላስቲክ ማስክ ይሠራለታል፣ ብረት መስቀል መውለቅ አለበት። በመቀስ ለመቁረጥ አትጣደፉ። መጀመሪያ ምክንያቱን ንገሩ፣ ራሱ ይፍታው፣ አስታማሚው ይያዝለት ወይም ስሙ በተጻፈበት ንጹህ ከረጢት ይቀመጥ። ክሩ ብቻ ከሆነ ቴክኖሎጂስቱን ጠይቁ፣ ምናልባት መውለቅ አያስፈልገውም።

*ሥዕሉን አይታ ፈራች።* ዝጉት። ሕክምናውን ከጨረሰች ሴት ጋር አገናኟት፣ ያቺ ፈቃደኛ ከሆነች። ሌላ ቀን ከገጽ 10 ጀምሩላት፣ ከቤተሰቡ።

*አስተርጓሚው ያሳጥራል።* እናንተ አምስት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ እሱ አንድ ቃል ካለ ቁሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ይተርጉም፣ ከዚያ ቀጥሉ። መልሶ ማስነገሩም በእሷ ቋንቋ ሆኖ ቃል በቃል ይተርጎምላችሁ።

*በስልክ «ባሰብኝ» አለች።* ገጽ 12ን እንድትከፍት አድርጉ። ትኩሳት 38 እና ከዚያ በላይ፣ የሚፈስ ደም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ፣ ሽንት አለመምጣት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ትምጣ። ከጨረሩ ጋር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ ትኩሳቱን በተለይ አትናቁ። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ላይኖር ስለሚችል ሥዕሉ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትንቀጠቀጥ ሴት ትኑር።

ሕክምናው ሲያልቅ

በመጨረሻው ቀን መመሪያውን አትቀበሏት፣ ይዛው ትሂድ። የተሞላው ሰሌዳ ጀርባ ላይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፣ አጠገቡም የቅርብ በዓል ስም አድርጉ፦ «ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ» ዓይነት። አገር ቤት ያለው ጤና ጣቢያ የሚያየው ወረቀት እሱ ሊሆን ስለሚችል ምን ዓይነት ጨረር ስንት ጊዜ እንደወሰደችም በአጭሩ ይጻፍበት። ቆዳዋ ገና ሊብስ እንደሚችል፣ ድካሙም ወዲያው እንደማይለቃት አንድ ጊዜ ድገሙላት። ያቺን ለብቻዋ የተቀመጠች ገጽ ደግሞ እንደገና ክፈቱ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቀችውን ዛሬ ልትጠይቅ ትችላለች።

እናንተ ጋ የሚቀረው ላሚኔት የተደረገው ቅጂ ነው። በየታካሚው መካከል በአልኮል ጥረጉት። ማሽኑ፣ በሩ ወይም የስልክ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ገጹን በዚያው ሳምንት ቀይሩ፣ አሮጌዎቹን ኮፒዎች ከየመሳቢያው ሰብስባችሁ ቅደዱ።